የሲሳይ ሙልሙል

እንደምን ሰነበታችሁ ልጆቼ። ዛሬ የምንቀመጠው እሳት ዳር ነው፤ እንጨቱ የነሐሴ እንጨት ስለሆነ ጭሱን ትንሽ ቻሉት።

ባለፈው እመቤትን ስልኳን እያየች ትተናት ነበር የሄድነው። ዛሬ ገና ለተቀላቀለን ሰው ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። እመቤት የጋፋቱ የአቶ እሸቴ ልጅ ናት። እናቷ ካረፈች ወዲህ ከአባቷ ጋር ሁለት ሆነው ይኖራሉ። ቀን ቀን ደብረ ታቦር፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ በምትገኝ ጠባብ ሱቅ ፎቶ ኮፒ ታነሳለች፤ ሲመሽ ወደ ጋፋት ትመለሳለች። ዓለምነው ደግሞ የከብት ሐኪም ነው። ቦቲውን አጥልቆ ከበረት በረት ሲዞር የሚውል፣ ከላም ጋር እንደ ልቡ የሚያወራ፣ ከሰው ጋር ግን ቃል የሚያጥረው ልጅ ነው። አባቱን አያስታውሰውም። እናቱም በልጅነቱ ስትሞትበት አክስቱ ከሁመራ መጥታ ወሰደችውና እዚህ ደብረ ታቦር አሳደገችው።

ከጥምቀት ወዲህ ይዋደዳሉ። ይህን የሚያውቁት የእመቤት አብሮ አደግ መሠረትና ባጃጅ ነጂው ማሩ ብቻ ናቸው። አቶ እሸቴ እንዳይሰሙ አራቱም ይጠነቀቃሉ። አቶ እሸቴ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ግን በእሳቸው ዘንድ ሴት ልጅ በሽማግሌ ትጠየቃለች እንጂ ሱቅ በር ላይ ከጎልማሳ ጋር ስትስቅ አትታይም።

እንዲህ ሆነው ሐምሌ ገባ። የአቶ እሸቴ ቀዩ በሬ ታመመና ሐኪም ተጠራ። እመቤት ሥራ ላይ ነበረች። ዓለምነው ሄደ፣ በሬውን አከመ፣ በሬው ዳነ። ልጁ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነ።

ስልክ አያነሳም። ቢያነሳም «ሥራ ላይ ነኝ» ነው። አንድ ቀን ሱቋ በር ላይ መጥቶ ቆመ፤ ዝናቡ ከኮፍያው ላይ እየተንጠባጠበ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «እኅቴ፣ እኔን አትጠብቂኝ» አላት። ይህን ብሎ ሄደ። እኅቴ! «ዓለሜ» ሲላት የኖረ አፍ! ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ከማሩ ሰማች። ለካ ዝውውር ጠይቆ ኖሯል፤ ያቤሎ፣ ቦረና ድረስ ሊሄድ ነው።

እናንተዬ፣ ነቀዝ የገባበትን ጎተራ አይታችኋል? ከውጭ ሲያዩት ሙሉ ነው፤ እጅ ሲከቱበት ዱቄት ነው። የእመቤት ልብ እንደዚያ ሆነ። መጀመሪያ አባቷን ጠረጠረች፤ ክፉ ቃል ተናግረውት ይሆን? ቀጥላ ቤታቸውን ጠረጠረች፤ የጭቃ ግድግዳችንን አይቶ፣ ባለ ዲግሪ ነኝና ከገበሬ ልጅ ምን አለኝ ብሎ ይሆን? በመጨረሻ አንድ ምሽት ከሱቅ ስትወጣ ዓለምነውንና መሠረትን አንድ ጣሪያ ሥር ተጠልለው አየቻቸው። መሠረት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች፤ እሱ ጎንበስ ብሎ ያናግራታል። እመቤትን ሲያዩ ሁለቱም ዝም አሉ።

ጥርጣሬዋ ከዚያ ወዲያ አልተንከራተተም። መሠረት ላይ ተቀመጠ።

ዓለምነው ሊሄድ በዋዜማው፣ እሱም የቡሄ ዋዜማ ነው፣ በመሠረት ጓሮ እሳት አንድደን እንሰናበተው ተባለ። ጥሪውን የነገረቻት ራሷ መሠረት ናት። «እንዳትቀሪ» አለቻት፣ ዓይኗን ሳታይ።

እመቤት ላለመቅረት ቆረጠች። የምትሄደው ልትሰናበት አይደለም፤ ልታይ ነው።

* * *

በዋዜማው ከሰዓት ሙልሙል ጋገረች።

ደንቡን ታውቁታላችሁ። ለቡሄ የክርስትና አባት ለክርስትና ልጁ ሙልሙል ያደርሳል። በዚያ ሰሞን በየዓመቱ ዳቦ ይዞ ደጅ የሚቆምን ሰው ማን ነህ ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ የክርስትና አባት ነው። አቶ እሸቴ በዕድሜያቸው ክርስትና ያነሱት አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ሲሳይ ይባላል። ሲሳይ እመቤት ሳትወለድ፣ ገና በሕፃንነቱ ሞቷል። ሆኖም በዚያ ቤት በየዓመቱ አንዲት ትንሽ ሙልሙል ለብቻዋ ትጋገራለች። ሊጡ ምጣድ ላይ ሳይወጣ አቶ እሸቴ በአውራ ጣታቸው መሐሉን ይጫኑትና «ይች የሲሳይ ናት» ይላሉ። ሌላ አይጨምሩም። እመቤት ሕፃን ሳለች ያችን ዳቦ ይዘው ወንዝ ሲሻገሩ ታስታውሳለች። ኋላ ኋላ ግን መሻገሩን ተዉት፤ በመንገድ ለሚያልፍ የቆሎ ተማሪ ይሰጧት ጀመር።

ዘንድሮም በአውራ ጣታቸው ተጫኗት። በስላ ስትወጣም በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለሏትና ለልጃቸው ዘረጉላት።

«ይችን ለሐኪሙ ስጭልኝ።»

የእመቤት እጅ ባለበት ቀረ። «ለየትኛው ሐኪም አባየ?»

«በሬዬን ላዳነው ነዋ። ነገ አገር ሊለቅ ነው አሉ። ማታ ከነመሠረት ጋር ሊሰናበት አይደል?»

«ማን ነገረዎ?»

«ከብት ያለው ሰው የከብት ሐኪም መሄዱን ሳይሰማ ይቀራል?» ዓይናቸው ፊቷ ላይ ቆየ። «አንችስ ታውቂው ኖሯል?»

«በዝና።»

«በዝና» አሉ አቶ እሸቴ ቀስ ብለው፤ በበትራቸው ጫፍ አመዱን ጫር ጫር እያደረጉ። «እንግዲያስ በዝና ለምታውቂው ሰው ስጭልኝ። ብዙም ሳይመሽ ነይ፤ ማሩ እስከ በር ያድርስሽ።»

እመቤት ጥቅሉን ተቀበለች። የሲሳይን ዳቦ ለምን ለእሱ? ለመንገደኛ ከሆነ ሌላ ስንት ሙልሙል አለ! ምን ቢያውቁ ነው እንዲህ የሚያዩኝ? ጥያቄው ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር ብትጠይቅ አባቷ ሁለት ይጠይቋታል። ዋጥ አደረገችው። ዳቦው በጨርቁ ውስጥ ትኩስ ነበር፤ ጡቷ ሥር ታቅፋው ስትሄድ የሌላ ሰው ልብ የተሸከመች መሰላት።

* * *

የመሠረት ጓሮ ጌሾና ጎመን የሞላበት ነው። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በደመናው ጫፍ ልትጠልቅ ስትል እመቤት ደረሰች። ከየመንደሩ ጅራፍ ይጮሃል፤ ከሩቅ የሆያ ሆዬ ድምፅ ይሰማል። ማሩ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ጉንጩን ነፍቶ ጭሱን «እፍ! እፍ!» ይላል፤ ዓይኑ በርበሬ መስሏል።

«ይኼ እንጨት ነው ወይስ የጣና ዓሣ?» አለ። «እስቲ አሮጌ ጎማ ላምጣ፤ በአንዴ ነው የሚይዘው።»

«በጎማ ሰፈሩን ልታጠቁርልኝ?» አለች መሠረት። «ነገ ጎረቤት ሁሉ ነጭ ነጠላ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን የሚስም መሆኑን አትርሳ።»

«እንግዲያስ ዓሣችሁን ራሳችሁ ጥበሱት።»

«ፍልሰታ ነው፤ ዓሣም አይበላ።»

ሁሉም ሳቁ። እመቤት ግን አልሳቀችም፤ የመሠረትን ትከሻ እያየች ነበር። መሠረት የዓለምነውን ግራጫ ኮት ደርባለች። ያቺ ኮት! እጅጌዋ ላይ የተቆረጠውን ቁልፍ እመቤት ራሷ ናት በጥቁር ክር የሰፋችው። ክሩ ከእሳቱ ማዶ ቁልጭ ብሎ ይታያታል።

ዓለምነው ከጉቶው ላይ ብድግ አለ። «መጣሽ» አለ።

«መጣሁ። ሰው ሊሄድ ሲል ይመጣል እንጂ ምን ያደርጋል?»

ተመልሶ ተቀመጠ። እሳቱ በስንት ልመና ያዘ። መሠረት ከሐሙሲት የመጣ የበቆሎ እሸት አወጣች፤ ማሩም ወሬውን ያዘ።

«ያቤሎ ግመል ነው የምታክመው አሉ። ግመል ሲራገጥ አይተህ ታውቃለህ? ቂምም ይይዛል አሉ። ዛሬ መርፌ ወጋኸው፤ ለከርሞ ገበያ መሐል ይጠብቅሃል።»

«ግመል እንኳ ቂም የሚይዘው የወጋውን ሰው ለይቶ ነው» አለች እመቤት፣ በቆሎዋን ፍሙ ላይ እያገላበጠች። «ምን እንዳደረጉት ሳይናገር ጥሎ የሚሄድ ሰው ብቻ ነው።»

ዓለምነው ዓይኑን ወደ እሷ አነሳ፤ ወዲያው መለሰው። በዚያች ቅጽበት እመቤት ያየችው ነገር ጥላቻ አልነበረም፤ ንቀትም አልነበረም። ታዲያ ምንድን ነው? ይኼ ነው የባሰ ያቃጠላት። ጥላቻ ቢሆን ኖሮ ጠልታ ታርፍ ነበር።

ድንች ላምጣ ብላ ወደ ማድ ቤቱ ገባች። ከዘንቢሉ ድንች ስታነሳ ከግድግዳው ጀርባ ሹክሹክታ ሰማች።

«ንገራት» የምትለው መሠረት ናት። «ነገ አንተ ትሄዳለህ፤ እኔ እዚህ ከእሷ ጋር እቀራለሁ። በምን ዓይኔ ልያት?»

«አስምዬሻለሁ መሠረት።»

«ትጠላሃለች እኮ!»

«ትጥላኝ። እሱ ይሻላል።»

እመቤት ድንቹን በነጠላዋ እንደያዘች ቆመች። እንግዲህ ሰማሁ አለች በልቧ። ልቅም አድርጌ ሰማሁ። አብረን ቄጠማ ያጨድን፣ በአንድ ሰሌን የተኛን መሠረት! ልታለቅስ ፈለገች፤ እንባዋም እምቢ አላት።

ተመልሳ ወጣች። ድንቹን አንድ በአንድ ፍም ውስጥ ትቀብር ጀመር፤ ፍሙን የምትገፋው በእንጨት ይሁን በእጇ አላወቀችም። ጣቷን ፈጃት። «እህ!» ስትል ዓለምነው ከጉቶው ላይ ተስፈንጥሮ አጠገቧ ደረሰ። እጇን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። ሊነካት ስንዝር ሲቀረው ግን፣ የተቃጠለው እሱ ይመስል እጁን ሰብስቦ ወደ ኋላው ደበቀ።

«ውኃ አምጡላት» አለ።

እናንተ ፍርዱን ስጡኝ፤ ሌላ የወደደ ወንድ እንዲህ ይሆናል? እመቤትም ይህንኑ አሰበች። አሰበችና ፈራች። ከመሠረት የባሰ፣ ስም ያላወጣችለት ነገር በመሐላቸው እንዳለ ገና አሁን ታወቃት።

* * *

«መሠረት» አለች እመቤት፣ ጣቷን ውኃ ውስጥ እንዳደረገች። «ኮቱ ሞቀሽ?»

«ምን?»

«ኮቱ። የሰፋሁት ኮት።»

መሠረት ትከሻዋን ዳሰስ አደረገች፤ የለበሰችውን ገና አሁን ያወቀች ትመስላለች። «በርዶኝ ሰጠኝ እኮ ነው፤ እንጨት ስናመጣ ዝናብ—»

«ልብሱም ምሥጢሩም አንቺ ዘንድ ነው ማለት ነው። ደኅና። እኔ እንግዳ ነኝ። እንግዳ ደግሞ መልእክቱን አድርሶ ይሄዳል።»

«እመቤት፣ እንዲህ አትበይኝ! በመድኃኔዓለም አስምሎኝ ነው እንጂ እኔማ…» መሠረት ቃሏን ሳትጨርስ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

እመቤት አላየቻትም። ጥቅሉን ከጉያዋ አውጥታ ለዓለምነው ዘረጋች። «አባየ ልከውልሃል። በሬያቸውን ስላዳንህ ነው መሰለኝ። እንካ ተቀበል፤ እኔም ቤቴ ልግባ።»

ዓለምነው ጨርቁን ገለጠ። እሳቱ ዳቦዋ ላይ በራ፤ መሐሏ ላይ የአውራ ጣቱ ጉድጓድ ታየ። ልጁ ቆሞ ነበር፤ እንደቆመ አልቀረም። ቀስ ብሎ ተንበረከከና ዳቦዋን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩን አስነካት።

«ይችን ምልክት አውቃታለሁ» አለ። «ዛሬም አልረሱኝም።»

«ምኑን? ምን ትላለህ?»

«ተናገር በቃ!» አለ ማሩ። «ምንድን ነው ይኼ ሁሉ? ሰው እኮ ነን!»

ዓለምነው ከመሬት ሳይነሳ ተናገረ። ቃል የሚያጥረው ልጅ ያን ምሽት ቃል አላጠረውም።

«እናቴ ብዙነሽ ትባላለች። ቤታችን ከወንዙ ማዶ ነበር። በየዓመቱ ለቡሄ ጋቢ የለበሱ ሰውዬ ወንዝ ተሻግረው ይመጣሉ፤ ሙልሙል ይዘው። መሐሉ በጣት የተጫነ ትንሽ ሙልሙል። እኔ ከአጥር ላይ ዘልዬ እወርድና ሮጬ እቀበላቸዋለሁ። ስማቸውን አላውቀውም፤ ልጅ ነኛ። እናቴ ስትሞት አክስቴ ወደዚህ አመጣችኝ፤ ሰውዬውን ዳግም አላየኋቸውም። ሐምሌ ላይ በሬ ላክም አባትሽ ቤት ሄድሁ። እጄን ሊያስታጥቡኝ ውኃ እያፈሰሱልኝ ትክ ብለው አዩኝና፣ ‹አንተ የብዙነሽ ልጅ አይደለህም? ሙልሙል ይዤልህ ስመጣ ከአጥር ዘለህ የምትወርደው!› አሉኝ። እሳቸው ናቸው፣ እመቤት። አባትሽ ናቸው።»

ጅራፉ ከሩቅ ጮኸ። ይህን ለማስረዳት ከዚያ አገር ሰው ፊት ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ ለቡሄ ሙልሙል የሚያደርስ የክርስትና አባት ነው። የክርስትና ልጅና የአብራክ ልጅ ደግሞ ወንድምና እኅት ናቸው። አይጋቡም። ማሰቡም ነውር ነው።

«እኅቴ ያልሁሽ ልገፋሽ ብዬ አይደለም» አለ ዓለምነው። «ብነግርሽ ኃጢአቱ ላንችም ይተርፋል። ሳታውቂ ብትጠይኝ፣ ሌላ ሰው አግብተሽ ብትኖሪ ብዬ ነው። ለመሠረት የነገርኋት መሸከም ሲያቅተኝ ነው፤ ትናንት ዛሬ ስታለቅስ የከረመችው ላንች ነው።»

እመቤት ወደ ኋላ ተራመደች። ከጥምቀት ወዲህ የያዘው እጇ፣ የተመለከተችው ዓይኑ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጥቶ ፊቷ ቆመ። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። የልብ ነገር ሆኖ ደግሞ ከዚያ ሁሉ መሐል አንዲት ቀጭን ጥርጣሬ ብቅ አለች። ሰበብ ቢሆንስ? ሰው ለመሄድ ሲያስብ ስንት ያማረ ሰበብ ያገኛል!

ዳቦዋን እንደገና አየቻት። አየቻትና ዓይኗን አላነሳችም።

«ቆይ» አለች። «ይች እኮ የሲሳይ ናት።»

«የማን?»

«የሲሳይ። አባየ በዚች ምልክት የሚያስጋግሩኝ የሲሳይን ነው። ክርስትና ያነሱት አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም ሲሳይ ነው። ሲሳይ ደግሞ ሞቷል።»

«ምናልባት እናቴ ስሜን ለውጣው ይሆናል…»

«ሞቷል አልሁህ! እኔ ሳልወለድ ሞቷል። አንተ ደግሞ ቆመሃል!» ሳምንታት ሙሉ የበላት ጥርጣሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደ ደግ ነገር አዞረ። «አባየን ለምን አልጠየቅሃቸውም?»

«ምን ብዬ? ‹ለምን ጠየቅህ› ሲሉኝ ምን እላለሁ?»

እመቤት እሷም ከሰዓት በኋላ ይችኑ ጥያቄ እንደዋጠች ትዝ አላት። ስልኳን አወጣች።

«ላውድ አድርጊው፣ ሁላችንም እንስማ» አለ ማሩ።

አቶ እሸቴ ስልክ ሲያነሱ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው የሚጠሩ ያህል ነው የሚጮሁት። «እሙ! ምን ሆንሽ? ማን ነካሽ?»

«ደኅና ነኝ አባየ። ሲሳይ የማን ልጅ ነበር?»

«የሞተ ሕፃን ስም በስልክ ይነሳል?»

«በእማየ ይሁንብዎ፣ ይንገሩኝ።»

«የብዙነሽ ነው። የወንዝ ማዶዋ ብዙነሽ የመጀመሪያ ልጅ። እኔ ነኝ ክርስትና ያነሳሁት። ጥርሱን አብቅሎ ሳይጨርስ ኩፍኝ ወሰደው።»

«ሐኪሙስ?»

«ሐኪሙ ታናሹ ነው። እሱ ሲወለድ ሲሳይ አፈር ከገባ ቆይቷል።»

«ታዲያ ለሐኪሙ ለምን ሙልሙል ይወስዱለት ነበር?» አለች እመቤት።

ከዚያ ማዶ አቶ እሸቴ ሲተነፍሱ ተሰማ። «ምን ላድርግ ልጄ? ቡሄ ሲደርስ እግሬ ለምዶ ወደዚያው ይሄዳል። ብዙነሽ በዚያች ቀን በር ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች። ባዶ እጄን ብቀርባት ልጇ ዳግመኛ የሞተባት ይመስላታል ብዬ ፈራሁ። ያ ትንሹ ደግሞ ከአጥር ላይ እየዘለለ ይቀበለኛል፤ ለሱ ሰጠሁት። እሷ ስታርፍ ልጁን ወሰዱት፤ የማደርስበት ደጅ ጠፋኝ። ዘንድሮ በሬዬ ታሞ ልጁን አገኘሁት፤ መልሶ ሊሄድ ነው አሉ። እስቲ አንዴ ይብላት ብዬ ነው።»

«እሱን ክርስትና ማን አነሳው?»

«አያ ሙላቴ፣ ነፍሱን ይማረው። ቆሜ አይቻለሁ። እኔ ለዚያ ልጅ ምኑም አይደለሁ፤ ባዳ ነኝ።»

ባዳ። እናንተዬ፣ ይህን ቃል ስንቱ በሰው ደጅ ቆሞ ሰምቶ አንጀቱ አሯል። በመሠረት ጓሮ ግን ያን ምሽት ከማር ጣፈጠ። መሠረት ኮቱን እንደደረበች ዘልላ ተነሳችና እልልታዋን አቀለጠችው። ማሩ ዓለምነውን ከመሬት አንስቶ አቀፈው። ዓለምነው ግን እመቤትን ብቻ ነበር የሚያየው፤ እንባው በጭስ ጥላሸት ላይ መንገድ አውጥቶ እየወረደ።

«እልልታው ምንድን ነው?» አሉ አቶ እሸቴ። «እሙ! ባዳ ነኝ ባልሁ እልል የሚባለው በየት አገር ነው?»

መሠረት አፏን በእጇ ከደነች።

«ሐኪሙ እዚያ ነው?»

«አለ አባየ።»

«በዝና የምታውቂው?»

እመቤት ከንፈሯን ነከሰች።

«ስልኩን ስጭው።»

ዓለምነው ኮፍያውን አወለቀ። ሰውዬው የሚያዩት ይመስል ቀጥ ብሎ ቆሞ ስልኩን ተቀበለ።

«ስማ ሐኪም። በሬዬን አድነህልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። እናትህም የደግ ሰው ልጅ ነበረች። ነገር ግን ባዳ ነህ፤ ባዳ ደግሞ እኔ ቤት በጓሮ አይገባም። ጾሙ ይፈታ፤ ሽማግሌ ልከህ በፊት በር ግባ። ሰማህ?»

«ሰማሁ፣ አባቴ።»

«አባቴ አትበለኝ፤ ገና ነው። ዳቦዋን ግን ብላት፤ ትቀዘቅዛለች።»

ስልኩ ተዘጋ።

ነገ መኪናው መነሳቱ አልቀረም፤ ያቤሎም ከነግመሏ እዚያው ናት። ያን ሁሉም ያውቃል። ቢሆንም ዓለምነው ዳቦዋን ከጣቱ ምልክት ላይ ለአራት ቆረሰ፤ መጀመሪያ ለእመቤት ሰጣት። ሲሰጣት ጣቱ ጣቷን ነካ፤ እሱም አልሸሸም።

«ያቤሎ ስልክ ይሠራል?» አለች እመቤት።

«ይሠራል።»

«‹ሥራ ላይ ነኝ› ብትለኝ እዚያው ድረስ ነው የምመጣ።»

«ይበለው!» አለ ማሩ፣ አፉን በዳቦ ሞልቶ። «ግመሉ ይሻልሃል ወንድሜ።»

መሠረት ከኋላ መጣች። ኮቱን አውልቃ በእመቤት ትከሻ ላይ ጣል አደረገችውና፣ አንድም ቃል ሳትናገር ጉንጯን ጉንጯ ላይ አሳረፈች። የሁለቱም ጉንጭ ርጥብ ነበር። ኮቱ ጭስ ጭስ፣ የከብት መድኃኒትም መድኃኒት ይሸታል። እመቤት ጥቁሩን ክር በጣቷ ዳሰሰችው። ኮቱን ማን እንደለበሰው፣ ለምን እንደለበሰው፣ ስንት ጊዜ እንደለበሰው የሚጠይቀውን ድምፅ በውስጧ ፈለገችው። ሐምሌ ከገባ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አጣችው። በእሱ ቦታ የነበረው የመሠረት ትንፋሽና የዳቦው ጣዕም ብቻ ነው።